በውጭ አገር የሚማሩ ኢትዮጵያውያን የሕግና የባንክ ችግሮች፡ መነሻቸውና መፍትሔያቸው በአገር ቤት

ለትምህርት ወደ ውጭ አገር የሚሄዱ ኢትዮጵያውያን የሚገጥሟቸው የሕግና የባንክ ችግሮች ብዙውን ጊዜ የሚታወቁት ተማሪው ባሕር ከተሻገረ በኋላ ቢሆንም፣ በርካታዎቹ የሚጀምሩት እዚሁ አገር ቤት ነው። በወረዳ ጽሕፈት ቤት የተሰጠ የልደት ምስክር ወረቀት፣ በባንክ ቅርንጫፍ የታተመ የሒሳብ መግለጫ፣ በመሥሪያ ቤት የሰው ኃይል ክፍል የተፈረመ የዋስትና ውል ከጊዜ በኋላ በበርሊን፣ በለንደን ወይም በዴልሂ የተማሪውን ዕጣ ሲወስኑ ይታያል። በመሆኑም ጉዳዩ የተማሪዎችና የወላጆች ብቻ ሳይሆን፣ እነዚህን ወረቀቶች የሚያዘጋጁ የመንግሥት ሠራተኞችና ኃላፊዎችም ጉዳይ ነው።

በአዲስ አበባ የካ ክፍለ ከተማ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም ከተቆረቆረች በኋላ፣ በተለይም ከአድዋ ድል ወዲህ፣ ለውጭ መንግሥታት ሌጋሲዮኖች ሰፋፊ መሬት የተሰጠው ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ በከተማዋ ሰሜን ምሥራቅ በኩል ነበር። ፈረንሳይ ለጋሲዮን የሚባለው ሠፈር መጠሪያውን ያገኘው ከዚያው ነው። የእንግሊዝ፣ የሩሲያ፣ የጀርመንና የኬንያ ኤምባሲዎች ዛሬም በየካ ክፍለ ከተማ ይገኛሉ። የኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲና በ1987 ዓ.ም በኮሌጅ ደረጃ የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሲቪል ሰርቪስ ዩኒቨርሲቲም በዚሁ ክፍለ ከተማ ናቸው። ከፍ ብሎ በእንጦጦ አናት የሚገኘው የኅዋ ምርምር ማዕከል ደግሞ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም ከቻይና የመጠቀችውን የመጀመሪያዋን የኢትዮጵያ ሳተላይት መረጃ የሚቀበል ጣቢያ የተተከለበት ሥፍራ ነው። በሳተላይቷ ሥራ የተሳተፉት ኢትዮጵያውያን መሐንዲሶች በቻይና ሠልጥነዋል። አገሪቱ ልጆቿን ወደ ውጭ ልካ ማስተማር ያስፈለጋት ለዚህ ዓይነቱ ዕውቀት ነው። እንግዲህ ተማሪው በኮተቤ የትምህርት ማስረጃውን፣ በወረዳው የልደት ምስክር ወረቀቱን፣ በሾላ አካባቢ ካለ ባንክ የሒሳብ መግለጫውን ይዞ ወደ ኤምባሲ ሲሄድ፣ መንገዱ በአንድ ክፍለ ከተማ ውስጥ ተጀምሮ ሊያልቅ ይችላል። ወረቀቶቹ እርስ በርስ መስማማታቸው ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ስምና የልደት ቀን

በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እያንዳንዱ ሰው የቤተ ዘመድ ስም፣ አንድ ወይም ከአንድ በላይ የግል ስምና የአባት ስም እንደሚኖረው ይደነግጋል። የቤተ ዘመድ ስም የሚለው ድንጋጌ ግን በአገሪቱ ልማድ ውስጥ ሥር ሊይዝ አልቻለም። ኢትዮጵያዊ የሚጠራው በስሙ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ነው። ይህ ለእኛ ግልጽ ቢሆንም፣ የውጭ አገር ባንክና ዩኒቨርሲቲ ቅጽ የሚጠይቀው ከአባት ወደ ልጅ ሳይለወጥ የሚተላለፍ የቤተሰብ ስም ነው። ተማሪው በአንዱ ቅጽ ላይ የአባቱን ስም፣ በሌላው ላይ የአያቱን ስም በቤተሰብ ስም ቦታ ሲሞላ በአንድ አገር ውስጥ ሁለት ሰው ሆኖ ይገኛል። አባቱ ገንዘብ ሲልኩለት ደግሞ የላኪውና የተቀባዩ የቤተሰብ ስም የተለያየ በመሆኑ፣ ላኪው አባት ስለመሆናቸው ማስረጃ የሚጠይቅ ባንክ ሊያጋጥም ይችላል።

በዚህ ላይ የፊደል አጻጻፍ ልዩነት ይጨመራል። ጸሐይ፣ ኃይሉ፣ ወይንሸት የሚሉት ስሞች በላቲን ፊደል በሦስትና በአራት መንገድ ይጻፋሉ። በስምንተኛ ክፍል ካርድ፣ በዩኒቨርሲቲ ዲግሪ፣ በፓስፖርትና በባንክ ደብተር ላይ አራት ዓይነት አጻጻፍ ያለው ሰው ማግኘት ብርቅ አይደለም። ለአገር ቤት ጸሐፊ ይህ ተራ ነገር ነው። ለውጭ አገር የባንክ ሠራተኛ ግን አንድ ፊደል እንኳ የማንነት ጥያቄ ያስነሣል።

የልደት ቀን ጉዳይ ከስሙም የባሰ ነው። ታኅሣሥ 25 ቀን 1996 ዓ.ም የተወለደ ልጅ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተወለደው ጃንዋሪ 4 ቀን 2004 ነው። ሰነዱን የሚያዘጋጀው ሠራተኛ ዓመቱ ላይ ሰባት ብቻ ደምሮ 2003 ብሎ ከጻፈ ልጁ በወረቀት ላይ አንድ ዓመት ያረጃል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛው ሳምንት ገደማ የሚደመረው ሰባት ሲሆን፣ ከዚያ ወዲያ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ስምንት ነው። አንዳንዴም ቀኑና ወሩ ሳይለወጡ ዓመቱ ብቻ ተለውጦ ይጻፋል። ስሕተቱ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ፓስፖርቱ አንድ ቀን፣ የልደት ምስክር ወረቀቱ ሌላ ቀን ይዘው ቪዛ ጠያቂው ፊት ሲቀርቡ ሐሰተኛ ሰነድ የማቅረብ ጥርጣሬ ይከተላል። በብዙ አገሮች ደግሞ ሐሰተኛ ሰነድ አቅርቧል የተባለ አመልካች ለዚያ ጊዜ ብቻ ሳይሆን ለዓመታት ሊከለከል ይችላል።

ለችግሩ መስፋፋት አንዱ ምክንያት የልደት ምዝገባ በአገሪቱ ዘግይቶ መጀመሩ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ የክብር መዝገብን በሚመለከት ያስቀመጣቸው ድንጋጌዎች ሥራ ላይ የሚውሉበት ቀን ወደፊት እንዲወሰን ተብሎ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቆይተዋል። የወሳኝ ኩነት ምዝገባና የብሔራዊ መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ከወጣ በኋላ በአገር አቀፍ ደረጃ ምዝገባው የተጀመረው በ2008 ዓ.ም ማብቂያ ላይ ነው። ስለዚህ አሁን ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ውጭ የሚሄደው ትውልድ በአብዛኛው በተወለደበት ጊዜ ያልተመዘገበ፣ የምስክር ወረቀቱን ያገኘው ካደገ በኋላ በሌሎች ሰነዶች መነሻነት ነው። መነሻ የሆነው ሰነድ ስሕተት ካለበት ስሕተቱ ማኅተም ታትሞበት ይቀጥላል። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ከወጣ ወዲህ የተስፋፋው ፋይዳ ይህን ውጥንቅጥ ሊያቃልል የሚችል ነው። ይሁን እንጂ በፋይዳ ላይ የሚመዘገበው ስም ከፓስፖርቱ ጋር በላቲን ፊደልም ጭምር እንዲመሳሰል ማድረግ የመዝጋቢውም የተመዝጋቢውም ሥራ ሆኖ ይቀራል።

ሰነድ ማረጋገጥ

የውጭ ሰነዶችን ማረጋገጥ የሚያቃልለው እ.ኤ.አ የ1961 የሔግ ስምምነት፣ በአባል አገሮች መካከል አንድ ማኅተም ብቻ በቂ እንዲሆን አድርጓል። ኢትዮጵያ የዚህ ስምምነት አባል ባለመሆኗ ሰነዱ በሰንሰለት ይጓዛል። የትምህርት ማስረጃው ከተቋሙና ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን፣ ሌላው ሰነድ እንደየዓይነቱ ከሰጠው መሥሪያ ቤት ወይም ከሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት ይነሣና ወደ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ከዚያም ወደሚመለከተው ኤምባሲ ይሄዳል። ከሰንሰለቱ አንዱ ቀለበት ሲዘገይ የዩኒቨርሲቲው የምዝገባ ቀን አይጠብቅም። ተማሪው ከሄደ በኋላ አንድ ሰነድ እንደ ጎደለ ቢያውቅ ደግሞ ጉዳዩን የሚያስፈጽምለት ወኪል ያስፈልገዋል፤ ይህም ወደ ሌላ ሰንሰለት ይመራል።

ውክልናን በተመለከተ ከአገር ከመውጣት በፊት መስጠቱ ከሁሉ የሚቀል መንገድ ነው። ስለ ሰነዶች ማረጋገጥና ምዝገባ በወጣው አዋጅ ቁጥር 922/2008 መሠረት የውክልና ሥልጣን ሰነድ በሕግ ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት መረጋገጥ ይኖርበታል። በውጭ ያለ ተማሪ በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ቀርቦ ሊሰጥ ይችላል። እዚህ ላይ ተደጋግሞ የሚታየው ጉድለት በጠቅላላ ቃል ብቻ የተጻፈ ውክልና ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ጠቅላላ ውክልና ከአስተዳደር ሥራ አልፎ እንደማይሄድ፣ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥና ለመሳሰሉት ልዩ ውክልና እንደሚያስፈልግ በአንቀጽ 2204 እና 2205 ደንግጓል። ለልጃቸው የትምህርት ክፍያ ሲሉ በእሱ ስም የተመዘገበውን ንብረት ሊሸጡ የተነሡ ወላጅ፣ በእጃቸው ያለው ጠቅላላ ውክልና ለዚህ አያገለግልም ሲባሉ ጊዜው አልፎ ይገኛል።

የገንዘብ ማስረጃ

የተማሪ ቪዛ የሚሰጡ አገሮች ተማሪው ራሱን ማስተዳደር እንደሚችል ማስረጃ ይጠይቃሉ። መጠኑና መንገዱ ይለያያል። ጀርመን ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ የምትጠይቀው በወር 992፣ በዓመት 11,904 ዩሮ ሲሆን፣ ከተለመዱት መንገዶች አንዱ ገንዘቡን አስቀድሞ በተቆለፈ ሒሳብ ማስቀመጥ ነው። ተማሪው ጀርመን ከገባ በኋላ በየወሩ የተወሰነለትን ብቻ ያወጣል። እንግሊዝ ከኖቬምበር 2025 ወዲህ በለንደን ለሚማር በወር 1,529 ፓውንድ፣ ከለንደን ውጭ ለሚማር 1,171 ፓውንድ፣ እስከ ዘጠኝ ወር ድረስ ታሰላለች። ለዘጠኝ ወር ሲሆን በቅደም ተከተል 13,761 እና 10,539 ፓውንድ ይሆናል፤ ያልተከፈለ የትምህርት ክፍያ ካለ በዚሁ ላይ ይደመራል። ካናዳ ከሴፕቴምበር 2025 ጀምሮ ከትምህርት ክፍያና ከጉዞ ወጪ ሌላ ለአንድ ተማሪ 22,895 የካናዳ ዶላር ትጠይቃለች።

እነዚህ ቁጥሮች በብር ሲተረጎሙ የነገሩ ክብደት ይታያል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ፣ በዋዜማው 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በመጀመሪያው ቀን ከ74 ብር በላይ ሆነ። በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ፤ በ2017 ዓ.ም የመጨረሻ ወራት ደግሞ ከ130 ብር በላይ ደርሷል። የጀርመኑ 11,904 ዩሮ አንድ ዩሮ በ60 ብር ሲመነዘር 714,240 ብር ነበር። ዩሮው 150 ብር ሲሆን ግን 1,785,600 ብር ይሆናል። ከማሻሻያው በፊት ልጁን ልኮ የሁለተኛውንና የሦስተኛውን ዓመት ወጪ በቀድሞው ተመን አስቦ የተቀመጠ ቤተሰብ ምን ዓይነት ጭንቀት ውስጥ እንደገባ ለመገመት አያዳግትም።

በሌላ በኩል ማሻሻያው ለተማሪዎች የሚጠቅም በር መክፈቱ አይካድም። በዚያው ጊዜ በወጣው የውጭ ምንዛሪ መመሪያ ነዋሪዎች ከውጭ በሚላክላቸው ገንዘብ፣ በውጭ ምንዛሪ በሚከፈል ደመወዝ ወይም ኪራይና በመሳሰሉት የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ እንዲከፍቱ፣ ከዚሁም ለተወሰኑ የውጭ አገልግሎቶች እንዲከፍሉ ተፈቅዷል። ዘመድ ወይም ወንድም በውጭ ያለው ቤተሰብ ይህን መንገድ ማወቁ ጠቃሚ ነው። እንዲህ ያለ ምንጭ የሌለው ቤተሰብ ግን የቅበላ ደብዳቤውን፣ የዩኒቨርሲቲውን የክፍያ መጠየቂያና የተማሪውን ፓስፖርት ይዞ ባንኩን መጠየቅና ተራውን መጠበቅ ግዴታው ነው።

የሒሳብ መግለጫን በተመለከተ ወላጆች ብዙ ጊዜ የማይረዱት አንድ ነገር አለ። የእንግሊዝ ሕግ የሚጠይቀው ገንዘቡ በሒሳቡ ውስጥ ለ28 ተከታታይ ቀናት ከተጠየቀው መጠን ሳይወርድ መቆየቱን ነው። ለአንድ ቀን ብቻ እንኳ ቢጎድል ማስረጃው ይወድቃል። ገንዘቡ በወላጅ ስም ከተቀመጠ ደግሞ የልደት ምስክር ወረቀትና የወላጅ የፈቃድ ደብዳቤ አብሮ መቅረብ አለበት። በልደት ምስክር ወረቀቱ ላይ ያለው የአባት ስም በባንክ ደብተሩ ላይ ካለው ጋር ካልተስማማ፣ ከላይ የተነሣው የስም ጉዳይ በዚህ በኩል ተመልሶ ይመጣል። ከጎረቤትና ከዘመድ ለጥቂት ቀናት ተበድሮ ሒሳብ መሙላትም የተለመደ ቢሆንም፣ በድንገት የገባ ከፍተኛ ገንዘብ ምንጩ መጠየቁ አይቀርም። የሒሳብ መግለጫ አስመስሎ ማሠራት ደግሞ ግልጽ ወንጀል ነው። ኤምባሲዎች ባንኩን በቀጥታ ጠይቀው ስለሚያረጋግጡም ብዙ አይራመድም።

መደበኛ ያልሆነ የገንዘብ ዝውውር

ተማሪው ከሄደ በኋላ የሚከተለው ጥያቄ ቀሪው ገንዘብ በምን መንገድ ይድረሰው የሚል ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም በፊት በትይዩ ገበያ ያለው የዶላር ዋጋ ከባንኩ እጥፍ ገደማ ደርሶ በነበረበት ጊዜ እንኳ ብዙ ወላጆች ውዱን መንገድ ይመርጡ ነበር፤ ምክንያቱም በባንክ ወረፋው ረጅም፣ የዩኒቨርሲቲው ቀን ደግሞ አጭር ነበርና። አሠራሩ የታወቀ ነው። ወላጅ አዲስ አበባ ውስጥ ለአንድ ሰው ብር ይሰጣል፤ በውጭ አገር ያለ ሌላ ሰው በተማሪው ሒሳብ ዶላር ወይም ዩሮ ያስገባል። ገንዘቡ ድንበር አልተሻገረም፤ የተሻገረው ቃል ብቻ ነው።

ይህ ድርጊት በኢትዮጵያ የውጭ ምንዛሪ ሕግ የተከለከለና በወንጀል የሚያስጠይቅ ነው። ከዚህ ባልተናነሰ ግን በውጭ አገር ባለው ተማሪ ላይ የሚያመጣው መዘዝ ሊታሰብበት ይገባል። በሒሳቡ የገባው ገንዘብ የማን እንደሆነ ተማሪው አያውቅም። ላኪው የማያውቀው ሰው ነው፤ ገንዘቡ ምናልባት ከማጭበርበር ወይም ከሌላ ወንጀል የተገኘ ሊሆን ይችላል። ባንኩ ሲጠይቅ አባቴ የላኩልኝ ነው የሚለው መልስ በወረቀት አይደገፍም። በመሆኑም ባንኩ ሒሳቡን ያግዳል፤ ጉዳዩንም ለሚመለከተው አካል ያሳውቃል። በእንግሊዝ ሒሳቡን ለሌሎች ገንዘብ ማስተላለፊያ አውሏል ተብሎ በማጭበርበር መከላከያ የመረጃ ቋት የተመዘገበ ሰው ምዝገባው ለስድስት ዓመት ሊቆይበት ይችላል፤ በዚያ ጊዜም ሌላ ባንክ ሒሳብ ሊከፍትለት ፈቃደኛ ሆኖ ማግኘቱ አዳጋች ነው።

ወንጀለኞች ተማሪዎችን ራሳቸው የሚያጠምዱበት መንገድም አለ። በሒሳብህ ገንዘብ ይግባ፣ ለአንተ ጥቂት ይቅርና ቀሪውን ወደዚህ አስተላልፍ የሚል ሰው ለተቸገረ ተማሪ ደግ ሰው መስሎ ይታያል። ድርጊቱ ግን በሕገወጥ መንገድ የተገኘ ገንዘብን ሕጋዊ በማስመሰል ወንጀል ተባባሪ ያደርጋል።

የአገሪቱ ስም ራሱ በባንክ መስኮት ላይ የሚያመጣው ጫና እንደነበረም መዘንጋት የለበትም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ ከፌብሩዋሪ 2017 እስከ ኦክቶበር 2019 በዓለም አቀፉ የፋይናንስ እርምጃ ግብረ ኃይል የክትትል ዝርዝር ውስጥ ነበረች። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ በከፍተኛ ሥጋት አገሮች ዝርዝሩ ካስገባት በኋላ ያስወጣት በሜይ 2020 በወሰደው ውሳኔ ነው። በእነዚያ ዓመታት ከአዲስ አበባ የሚሄድ የባንክ ዝውውር ከወትሮው የጠበቀ ማጣራት ይደረግበት ነበር። የገንዘብ ማጠብን መከላከል ከባንክ ተቆጣጣሪዎች ውጭ ያለ ዜጋን አይመለከትም የሚል ካለ፣ የዚያን ጊዜ ተማሪዎች ሌላ ሊነግሩት ይችላሉ።

ሒሳብ መክፈት

በተማሪው መኖሪያ አገር ሒሳብ መክፈት ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ባንኩ የመኖሪያ አድራሻ ይጠይቃል፤ አከራዩ ደግሞ ቤት ለመስጠት የባንክ ሒሳብ ይጠይቃል። የአውሮፓ ኅብረት በ2014 ባወጣው የክፍያ ሒሳቦች መመሪያ በኅብረቱ በሕጋዊ መንገድ የሚኖር ማንኛውም ሰው መሠረታዊ የክፍያ ሒሳብ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። ተማሪዎች ይህን መብት ሳያውቁ በመጀመሪያው እምቢታ ተስፋ ሲቆርጡ ይታያል። በእንግሊዝ ደግሞ የ2014 የኢሚግሬሽን ሕግ በሕጋዊ መንገድ ለማይኖሩ ሰዎች ባንኮች ሒሳብ እንዳይከፍቱ ስለሚከለክል፣ የመኖሪያ ፈቃዱ ጊዜ ያለፈበት ተማሪ ከፈቃዱ ጋር ባንኩንም ያጣል።

ብዙ ኢትዮጵያውያን ለሁለተኛና ለሦስተኛ ዲግሪ በሚሄዱባት ሕንድ፣ የውጭ ተማሪ ፓስፖርቱን፣ ቪዛውንና የቅበላ ደብዳቤውን አቅርቦ ሒሳብ መክፈት ይችላል። የአካባቢውን አድራሻ ማስረጃ በ30 ቀን ውስጥ እስኪያቀርብ ግን ከውጭ የሚገባለት ገንዘብ ከ1,000 ዶላር እንዳይበልጥ በሒሳቡም ላይ የ50,000 ሩፒ ጣሪያ እንዲኖር የሕንድ ማዕከላዊ ባንክ መመሪያ ያዛል። የዓመቱን ሙሉ ክፍያ በመጀመሪያው ሳምንት በዚህ ሒሳብ ለማስገባት የሚያስብ ቤተሰብ ይህን አስቀድሞ ማወቅ አለበት። በሩሲያ በኩል ያለው ችግር የተለየ ነው። ማርች 2022 በርካታ የሩሲያ ባንኮች ከዓለም አቀፉ የባንኮች የመልእክት መረብ ሲወጡና ቪዛና ማስተርካርድ በዚያ አገር ሥራቸውን ሲያቋርጡ፣ ከአገር ቤት የወጣ የባንክ ካርድ በዚያ አላገለግል አለ። ተማሪው ምንም ጥፋት ሳይኖርበት ቤተሰቡ ገንዘብ ሊያደርስለት የማይችልበት ሁኔታ ተፈጠረ።

የባንክ መዘግየት የሕግ ጥሰት ሲሆን

የውጭ ተማሪ ቪዛ የተንጠለጠለው በምዝገባ ላይ ነው። ክፍያው ሲዘገይ ዩኒቨርሲቲው ምዝገባውን ያግዳል፤ ምዝገባው ሲታገድ ተማሪው የመጣበትን ምክንያት ያጣል። በእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲው ተማሪው አለመመዝገቡን ለአገር ውስጥ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የማሳወቅ ግዴታ አለበት። በአሜሪካም እ.ኤ.አ ከ2003 ጀምሮ የውጭ ተማሪዎች መረጃ በአንድ የኤሌክትሮኒክ ሥርዓት ስለሚያዝ ከሙሉ ጊዜ ትምህርት በታች የወረደ ተማሪ ያለ ፈቃድ ከሆነ ሕጋዊ ሁኔታውን ያጣል። አዲስ አበባ ውስጥ በባንክ ጠረጴዛ ላይ ለሦስት ሳምንት የተኛ ማመልከቻ በሌላ አገር የኢሚግሬሽን ጉዳይ ሆኖ የሚወጣው በዚህ መንገድ ነው።

ገንዘብ ያጠረው ተማሪ የሚያስበው መሥራትን ነው። ሕጉ ግን በየአገሩ ይለያያል። በአሜሪካ በትምህርት ወራት በሳምንት እስከ 20 ሰዓት በዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ መሥራት ሲቻል ከግቢ ውጭ ለመሥራት ልዩ ፈቃድ ያስፈልጋል። የእንግሊዝ ወሰን ለዲግሪ ተማሪዎች በትምህርት ጊዜ በሳምንት 20 ሰዓት ነው። ካናዳ ከኖቬምበር 2024 ጀምሮ በሳምንት 24 ሰዓት ትፈቅዳለች። ጀርመን ከማርች 2024 ወዲህ በዓመት 140 ሙሉ ቀን ወይም 280 ግማሽ ቀን ፈቅዳለች። በቻይና ያለ ፈቃድ የሠራ የውጭ ዜጋ ከ5,000 እስከ 20,000 ዩዋን ይቀጣል፤ ነገሩ ከከበደም ከ5 እስከ 15 ቀን ሊታሰር ይችላል። ቻይና ለኢትዮጵያውያን ብዙ የነፃ ትምህርት ዕድል የምትሰጥ በመሆኗ ይህ ድንጋጌ ከመሳፈር በፊት ቢታወቅ መልካም ነው።

ኢትዮጵያውያንን በቀጥታ የተመለከተ አንድ ውሳኔም ነበር። የአሜሪካ መንግሥት በዲሴምበር 2022 በኢትዮጵያ በነበረው ሁኔታ ምክንያት ከባድ የኢኮኖሚ ችግር ለገጠማቸው ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ከተለመደው በላይ ሰዓት እንዲሠሩና የትምህርት ጫናቸውን እንዲቀንሱ የሚያስችል ልዩ እፎይታ ሰጥቶ ነበር። እፎይታው በ2024 ተራዝሞ እስከ ዲሴምበር 12 ቀን 2025 ድረስ የሚቆይ ነበር። በአሜሪካ ያሉ ተማሪዎች ሌላም የሚዘነጉት ግዴታ አለ፤ ገቢ ባይኖራቸውም እንኳ በየዓመቱ 8843 የተባለውን የግብር ቅጽ ማስገባት ይጠበቅባቸዋል።

የመንግሥት ሠራተኛው ውልና ዋሱ

በመንግሥት ወይም በውጭ የነፃ ትምህርት ዕድል የሚላክ ሠራተኛ ተምሮ ሲመለስ ለተወሰነ ጊዜ ለማገልገል ውል ይገባል፤ ዋስም ያቀርባል። ሠራተኛው ሳይመለስ ሲቀር ጥያቄው ወደ ዋሱ ይዞራል። ዋሱ አብዛኛውን ጊዜ ወንድም፣ አጎት ወይም የሥራ ባልደረባ ሲሆን፣ በሰው ፊት ላለማፈር የፈረመ እንጂ ያለበትን ግዴታ ያነበበ አይደለም።

እዚህ ላይ የሰው ኃይልና የሕግ ክፍሎች ሊያስተውሉት የሚገባ ድንጋጌ አለ። የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1922 ዋስትና በግልጽ መሰጠት እንዳለበት፣ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን ካልተጠቀሰም ውሉ ፈራሽ እንደሚሆን ይደነግጋል። ለሚደርሰው ጉዳት ሁሉ ኃላፊ ነኝ የሚል ጠቅላላ ቃል ያለበት ቅጽ እንግዲህ መሥሪያ ቤቱንም ዋሱንም አይጠቅምም። መሥሪያ ቤቱ ገንዘቡን ማስመለስ ያቅተዋል፤ ዋሱም ክርክሩ እስኪያልቅ በፍርድ ቤት ደጅ ይመላለሳል። ወጪው በውጭ ምንዛሪ የተከፈለ ከሆነ ደግሞ ሲመለስ በየትኛው ቀን ተመን እንደሚሰላ በውሉ ላይ መጻፍ፣ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም ወዲህ ለሁለቱም ወገን ከፍተኛ ልዩነት የሚያመጣ ነጥብ ሆኗል።

በሕጋዊ ምክንያት የሚዘገይ ተማሪም አለ። የምርምር ሥራው ያላለቀ፣ የታመመ፣ የፓስፖርቱ ዕድሳት የተጓተተበት ሠራተኛ ለመሥሪያ ቤቱ አስቀድሞ በጽሑፍ ካላሳወቀ ከጠፋው ጋር ይደመራል። መሥሪያ ቤቱም ደብዳቤውን ተቀብሎ በሠራተኛው ማኅደር ካላያያዘ ከዓመት በኋላ የሚመጣ ኃላፊ የሚያየው ባዶ ማኅደር ነው።

የአገር ቤት የባንክ ሒሳብም ሊዘነጋ አይገባውም። ብሔራዊ ባንክ የፋይዳ ቁጥርን ለባንክ አገልግሎት በደረጃ አስገዳጅ እያደረገ መጥቷል። ፋይዳ የጣትና የዓይን አሻራ በአካል መስጠትን የሚጠይቅ በመሆኑ፣ ከመሄዱ በፊት ያልተመዘገበ ተማሪ ደመወዙ የሚገባበትን ወይም ወላጆቹ የሚጠቀሙበትን ሒሳብ ከውጭ ሆኖ ለማስተካከል ይቸገራል። ከጉዞ በፊት ግማሽ ቀን የሚፈጅ ሥራ ነው።

በአዲስ አበባ የሚማሩ የውጭ ዜጎች

ነገሩ በተቃራኒውም አለ። በኢትዮጵያ የሚማር የውጭ ዜጋ በኢሚግሬሽን ሕጉ መሠረት የመኖሪያ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ፈቃዱ ሳይታደስ ሲቀር ቅጣት ይጠብቀዋል። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የሚማሩ ስደተኞችን በተመለከተ የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 የባንክ አገልግሎት የማግኘት መብታቸውን አውቋል። ሆኖም የስደተኛ መታወቂያን የማያውቅ የባንክ ሠራተኛ የውጭ አገር ፓስፖርት አምጣ ብሎ ሊመልሳቸው ይችላል። ስደተኛው ፓስፖርት እንዲያወጣ መጠየቅ ደግሞ ሸሽቶ ወደ መጣበት መንግሥት ኤምባሲ እንዲሄድ ማለት ነው። አዋጁ ስደተኞች ሒሳብ እንዲከፍቱ ያስቻለው በተሰጣቸው የመታወቂያ ሰነድ ነው።